ትገዣለሽ ወይስ ታያለሽ?

ባለፈው ጳጉሜ፣ እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከቦሌ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ትንሽ ወረድ ብሎ አንዲት እናት ቄጠማና አደይ አበባ ዘርግተው ይሸጡ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ቄጠማው ሰማያዊ ሸራ ላይ ተኝቶ ውሃው ያብረቀርቃል፤ አደዩ ከአሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ብቅ ብሏል። ቁጢጥ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ፎቶ። አራተኛውን ላነሳ ስል ቀና ብለው አዩኝና፣

«የኔ ልጅ፣ ትገዣለሽ ወይስ ታያለሽ?» አሉኝ።

ቁጣ የለበትም፤ የገበያ ጥያቄ ነው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሁለት እስር አደይ ገዝቼ ሄድኩ። ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። ምክንያቱም ከዚያ በፊት ለወራት ራሴን ሳስተምር የከረምኩት ማየትን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሥራ ባጣሁበት ሰሞን ነው። ሌሊት ሌሊት ስልክ ላይ አፍጥጬ፣ አንድ ቀን አንዲት ጃፓናዊት አንድ ቅርንጫፍ ለማስቀመጥ ሃያ ደቂቃ ስትፈጅ አየሁ። መጀመሪያ ሳቅኩ። ከዚያ እስከ መጨረሻው አየሁት። ከዚያ ደገምኩት። ኢኬባና ይሉታል፤ አበባን ሕያው ማድረግ እንደማለት ነው። ጥንታዊው ትምህርት ቤት ኢኬኖቦ ኪዮቶ ካለ የቡድሂስት ቤተ መቅደስ የወጣ ሲሆን፣ ስሙ በጽሑፍ ሲነሳ እ.ኤ.አ. ከ1462 ጀምሮ ይገኛል።

ከጃፓን ልማር ብሎ መነሳት ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓን ደርሰው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈዋል። የእሳቸው ዘመን ምሁራን ከዚያ የፈለጉት አገር የሚሠለጥንበትን መንገድ ነበር። እኔ የፈለግኩት እንቅልፍ እስኪመጣ የሚያቆየኝን ነገር ነው።

ችግሩ ዕቃው ነው። ኬንዛን የሚባል ከባድ የብረት መቀመጫ አለ፤ ላዩ በመርፌ የተሞላ፣ ግንዱ እሱ ላይ ተሰክቶ የሚቆም። ሳጣው ሰፈራችን ያለው በያጅ ጋ ሄጄ ቁራጭ ላሜራ ላይ ሚስማር በይድልኝ አልኩት።

«የምን ወጥመድ ነው?»

«የአበባ።»

«አበባ ደግሞ ያመልጣል እንዴ?»

ግን ሠራልኝ። ጽጌረዳ የምገዛው መንገድ ዳር ከሚሸጥ ልጅ ነበር፤ የጎበጠውን ስለምመርጥ ቅናሽ ያደርግልኛል። ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ ብዙ አበባ ወደ ውጭ የምትልክ አገር ናት። በየእርሻው ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ጽጌረዳው በሴንቲሜትር ተለክቶ፣ ቀጥ ያለው ተመርጦ፣ ከቦሌ ይበራል። ኢኬባና ላይ ግን ጉብጠቱ ራሱ ይፈለጋል፤ ግንዱ ወዴት ሊሄድ እንደነበር ስለሚናገር።

ሦስት ነገር ተማርኩ። አንደኛ፣ ግንዱን ውሃ ውስጥ ነክሮ መቁረጥ፤ አየር ከገባበት ውሃ መሳብ ያቅተዋል። ሁለተኛ፣ ሦስት ዋና ዋና ግንዶች፤ ረጅም፣ መካከለኛ፣ አጭር። ሦስተኛው ከባድ ነው፤ መተው። በአበቦቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የሥራው አካል ነው። እናቴ ሳሎን ውስጥ በዓል ሲመጣ በኦሞ የምታጥባቸው የፕላስቲክ አበቦች መካከል ጣት አያስገባም። እኔ የማውቀው ውበት ሙሉ ነበር።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዓይኔ ተለወጠ። ወር በገባ በ27 ከመድኃኔዓለም የሚወጣው የነጠላ ጎርፍ፣ ሊስትሮው በየቀለሙ የደረደራቸው ጣሳዎች፣ ዝናብ ሲያባራ የሕንፃው መስተዋት ላይ የሚቀረው ሰማይ። ስንት ዓመት ያለፍኩበት መንገድ ነው! አይሪስ መርዶክ የምትባል እንግሊዛዊ ፈላስፋ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመችው መጽሐፍ ተመሳሳይ ነገር ታነሳለች። ሰው በንዴት ተብሰልስሎ በመስኮት ሲመለከት ጭልፊት ሲንሳፈፍ ያያል፤ ለአፍታ የራሱ ቁስል ይጠፋና ጭልፊቱ ብቻ ይቀራል። ለመርዶክ ይሄ የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው። ከራስ ወጥቶ ሌላውን በትክክል ማየት የመልካምነት መጀመሪያ ነውና።

አምናታለሁ። በእኔም ላይ ደርሷል። ግን ጭልፊት ቀና ብሎ «ትገዣለሽ ወይስ ታያለሽ?» አይልም። እዚህ ጋ ነው የተቸገርኩት። የማየው ነገር ለሌላ ሰው የቀን እንጀራ ከሆነ፣ ማየቴ ብቻውን ምንድን ነው? እሳቸው ብርዱ ላይ፣ እኔ ፎቶው ላይ ነበርን። ከራሴ የወጣሁ መስሎኝ ነበር እንጂ፣ እሳቸውን እንደ ባልዲው አንድ ላይ ነው ያየኋቸው።

የመስቀል ዋዜማ ተመልሼ ሄድኩ። ከገዛሁት አደይ የሠራሁትን በስልኬ አሳየኋቸው። ጥቁር ሳህን ላይ ሦስት ግንድ፤ አንዱ ወደ ግራ ያዘነበለ። ኮርቼበት ነበር። ስልኩን ተቀብለው ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያምራል» አሉ። ቀጥለው፣ «ሌላውስ?»

«ሌላው ምን?»

«ሁለት እስር አይደል የወሰድሽው?»

ቆርጬ መጣሌን በግድ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስቼ የለቀምኩት ነው» ብቻ አሉኝ።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ስለኖረው የሻይ ሥርዓት መምህር ስለ ሴን ኖ ሪክዩ የሚተረክ ታሪክ አለ። ገዢው ሂዴዮሺ የግቢው አበባ ዝናው ስለደረሰው ሊያይ በጠዋት ይመጣል። ሲደርስ ግቢው ባዶ ነው፤ ሁሉም ተቆርጧል። ተናዶ ወደ ሻይ ቤቱ ሲገባ ግን አንዲት አበባ ብቻ ተቀምጣ ያያል። ታሪኩን መጀመሪያ ስሰማ አንዷን አበባ ነበር ያየሁት። አሁን ግን «ሌላውስ?» የሚለው ድምፅ አብሮ ይመጣል።

ሪክዩን ለመውቀስ አይደለም። ሳይቆርጡ ኢኬባና የለም፤ ሳይመርጡም ማየት የለም። ግን ባዶ ቦታ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ ባዶ፣ ላለው ነገር መተንፈሻ የተተወ ነው። ሌላው ባዶ፣ የነበረው ስለተነሳ ብቻ የቀረ ነው። ፎቶ ላይ ሁለቱም ንጹሕ ሆነው ይታያሉ። ልዩነቱን የሚያውቀው ቀድሞ ማን እንደነበረ የጠየቀ ሰው ነው። ለእኔ ማየት ከዚህ ወዲህ ይሄ ነው፦ መጠየቅ፣ ሲጠይቁኝም መመለስ። አንዳንዴ መልሱ ገንዘብ ነው፤ አንዳንዴ ስም ጠይቆ ቁጭ ማለት ነው።

አሁንም አበባ እሠራለሁ። የተረፈውን ግን አልጥልም፤ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ውስጥ ከሳህኑ አጠገብ አስቀምጠዋለሁ። ጥበቡን ያበላሻል፤ ይሁን።

በቀደም በዚያው መንገድ አለፍኩ። የእግረኛው መንገድ አዲስ ተነጥፏል፤ ዳሩ ላይ አበባ ተተክሏል፤ ማታ መብራቱ ሲበራ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያምራል። ቆሜ አየሁት። ቄጠማ የሚሸጡት እናት ቦታቸው ላይ አልነበሩም። እዚያው የነበረውን ሊስትሮ ጠየቅኩት።

«ተነሺ ተባሉ» አለኝ፣ ጫማዬን እያየ። «ታስጠርጊያለሽ?»

ተቀመጥኩ። «ወዴት ሄዱ?» አልኩት።