ገጽ ማለት ፊት ነው

 

የዛሬው ርዕሳችን አዲስ ሥራ የያዙ ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ ነው። አንዱ መምህር ሆኖ ተመድቧል፣ አንዷ ጤና ጣቢያ ገብታለች፣ ሌላው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሯል። ማታ ማታ ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ይጽፋሉ። አንድ ቀን አለቃቸው ጠርቶ "ይህ የለጠፍከው ምንድን ነው?" ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ "ገጹ የግሌ ነው። የጻፍኩትም ከሥራ ሰዓት ውጪ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምን አገባው?"

ይህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብትን ለማንኛውም ሰው ሰጥቷል። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ስለሚከፈለው ምላሱን አልሸጠም። ሆኖም ገጽና ወንበር እንደምናስበው የተለያዩ አለመሆናቸውን በዓይናችን አይተናል።

በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሰላም ሚኒስቴር ሚኒስትር ዴኤታ የነበሩት አቶ ታዬ ደንደአ ከኃላፊነታቸው ተነሱ። ከዚያ በፊት በፌስቡክ ገጻቸው መንግሥትን የሚነቅፉ ጽሑፎች ይጽፉ ነበር። ከሥራ የተነሱበትን ደብዳቤም እዚያው ገጽ ላይ አወጡት፤ በማግሥቱ ታሰሩ። ያኔ ሰው ለሁለት ተከፍሎ ተከራከረ። ገሚሱ "ሥልጣኑን አስቀድሞ ለቆ በተናገረ ነበር" አለ። ገሚሱ ደግሞ "እውነት ለመናገር የማንን ፈቃድ ይጠብቃል?" አለ። ማንኛውም ወገን ትክክል ይሁን፣ አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው፦ ያንን ገጽ ሲያነብ የነበረ ሰው የግለሰብ ማስታወሻ እያነበበ አልመሰለውም። ሚኒስትር ዴኤታው ሲናገሩ እየሰማ ነበር።

ስም መደበቅም ቢሆን አያድንም። በአውስትራሊያ ሚካኤላ ባነርጂ የምትባል የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ስሟን ደብቃ በትዊተር ከ9,000 በላይ መልእክቶችን ጽፋ ነበር፤ ብዙዎቹ የራሷን መሥሪያ ቤት አሠራር የሚነቅፉ ናቸው። ማንነቷ ታወቀና ከሥራ ተሰናበተች። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ዳኞቹም በሙሉ ድምፅ ስንብቱ ሕገ መንግሥቱን አልጣሰም አሉ።

በእኛም አገር የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 አለ። በዚህ አዋጅ የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ያስከትላል። ወንጀሉ የተፈጸመው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስራቱ እስከ 3 ዓመት ይደርሳል። ሕግ ተከታይ ይቆጥራል። አላህ ዘንድ ግን ለአምስት ሰው ብቻ የተላከ ቃልም ይጻፋል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን "እንግዲያው እንዳልባረር ልጠንቀቅ" ብለን እናበቃለን። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ከመባረር በላይ የሚያስጨንቅ ጥያቄ አለ። እንጀራችንን የማጣት ፍርሃት ብቻውን የሙእሚን መመዘኛ አይሆንም። አለቃው ካላየ፣ ወይም አለቃው ራሱ በስድባችን ከተደሰተ ምን ሊከለክለን ነው?

እስቲ የግምጃ ቤትን ኑሮ እናስብ። ከአንከሻ ጓጉሳ ገጠር ቀበሌዎች የታመመ ልጇን አዝላ የመጣች እናት "ይህች ነርስ አትመቸኝም፣ ሌላ ዘንድ ልሂድ" የምትልበት ዕድል እምብዛም የላትም። በትልቅ ከተማ ሰው ክሊኒክ ይቀይራል፣ ትምህርት ቤት ይቀይራል። በትንሽ ከተማ ግን የመሬት ጉዳይ የሚታይበት መስኮት አንድ ነው፤ የልጁም የሒሳብ መምህር አንድ ነው። ገጹ የማን እንደሆነም የማያውቅ የለም።

አሁን አንድ ተማሪ መምህሩ ማታ የእሱን ሃይማኖት ወይም ብሔር ሲያላግጥበት አነበበ እንበል። በሳምንቱ ፈተናው ታርሞ ሲመለስ 52 አገኘ። መምህሩ በሐቅ አርሞለት ሊሆን ይችላል። ልጁ ግን ያ 52 የራሱ ስንፍና ይሁን የመምህሩ ጥላቻ መቼም አያውቅም። ያቺ እናትም ነርሷ ስለ ወገኖቿ የጻፈችውን ካነበበች፣ ሕመሙን ስትጠየቅ ግማሹን ትደብቃለች። ፈርታለችና።

ልብ በሉ፤ እስካሁን ማንም ውጤት አልቀነሰም፣ ማንም መድኃኒት አልከለከለም። ያም ሆኖ አንድ ነገር ተወስዷል፤ የሰው ልብ በዚያ መስኮት ላይ የነበረው እምነት። ይህ ደግሞ የሠራተኛው የግል ንብረት አልነበረም። አማና ነበር።

እኛ ሙስሊሞች ይህ ስሜት ሊገባን ይገባል። ቁጥራችን ጥቂት በሆነበት አካባቢ ሒጃቧን ለብሳ ለጉዳይ ቢሮ የምትገባ እህታችን፣ መስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሰው ትናንት ስለ ሙስሊሞች የጻፈውን አንብባ ከሆነ እግሯ ይከብዳል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለራሳችን የምንወደውን ለሌላው እስካልወደድን ድረስ ኢማናችን እንደማይሟላ አስተምረውናል። በእህታችን ላይ እንዲደርስ ያልወደድነውን፣ የእኛ ገጽ በሌላው እናት ላይ እንዳያደርሰው መጠንቀቅ አለብን።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ለአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ስለ ዳኝነት እንደጻፉለት የሚታወቅ ደብዳቤ አለ። በዚያ ደብዳቤ ከፍርዱ ቀደም ብሎ የተነሳው የዳኛው ፊት ነው። ሰዎችን በፊትህና በአቀማመጥህ እኩል አድርጋቸው ይሉታል፤ ያለበለዚያ ባለ ክብሩ በአድልዎህ ተስፋ ያደርጋል፣ ደካማውም ከፍትሕህ ተስፋ ይቆርጣል። ፍርዱ ገና አልተሰጠም፤ የዳኛው የፊት ገጽታ ብቻ ደካማውን ተስፋ ሊያስቆርጠው እንደሚችል ዑመር ተረድተው ነበር።

በአማርኛችን ፊትንም፣ ፌስቡክ ላይ ያለንንም ቦታ "ገጽ" እንላለን። ዛሬ ባለጉዳይ ቢሮ ሳይደርስ አስቀድሞ የሚያየው ፊታችን እዚያ ያለውን ነው። በሥራ ሰዓት ፈገግ ብለን፣ ማታ እዚያኛው ፊታችን ላይ ንቀት ከጻፍን፣ ባለጉዳዩ የትኛውን ይመን?

እዚህ ላይ አንድ ወጣት "ታዲያ ዝም በሉ ነው የምትሉን? ሙስና ስናይ፣ ዲናችን ሲሰደብ ዝም?" ይላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ አይደለም ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው አንድ ጉዳይ ነበር። ማርቪን ፒከሪንግ የሚባል መምህር የትምህርት ቦርዱ በገንዘብ አያያዙ ላይ ያለበትን ችግር ለጋዜጣ ጽፎ ከሥራ ተባረረ። ፍርድ ቤቱ ግን ለመምህሩ ፈረደ። መምህሩ የጻፈው ሕዝብን ስለሚመለከት ጉዳይ ነበር፤ የማስተማር ሥራውንም አላደናቀፈም። የገንዘብ ብክነትን የሚያጋልጥ መምህር ተማሪው ፊት አያፍርም። የተማሪውን ወገን የሚያላግጥ መምህር ግን ነገ እዚያው ክፍል ሲገባ ሌላ ሰው ሆኖ ይጠብቀዋል። ሁለቱም "አስተያየት" ይባላሉ፤ በሚዛን ግን አንድ አይደሉም።

ፍትሕ የጎደለው አሠራር እንዳለም አንካድ። አለቃን በየቀኑ የሚያሞግስ ሠራተኛ "ለምን ጻፍክ?" አይባልም፤ የነቀፈው ብቻ ይጠራል። ግን ዑመር ባስቀመጡት ሚዛን ስናየው ጭብጨባም ፊትን ያዛባል። ገጹን ሁሉ ለባለሥልጣን ሙገሳ ያዋለ ሠራተኛ ዘንድ፣ በዚያ ባለሥልጣን የተበደለ ሰው አቤቱታ ይዞ እንዴት ይቀርባል?

ግምጃ ቤት ማለት የሕዝብ ንብረት በአደራ የሚቀመጥበት ቤት ነው። የከተማችን ስም ባነሳን ቁጥር በቁርአን የተነገረን አንድ የግምጃ ቤት ሹም ትዝ ሊለን ይገባል፤ ነቢዩላህ ዩሱፍ (ዐ.ሰ)። በእምነት ከማይመስላቸው ሕዝብ መካከል፣ የግብፅን ግምጃ ቤቶች እንዲጠብቁ ኃላፊነት ጠየቁ። ለዚህም ያቀረቡት ጠባቂነታቸውንና ዕውቀታቸውን ነበር።

ረሃቡ መጣ። ጉድጓድ የጣሏቸው ወንድሞቻቸው እህል ፍለጋ እሳቸው ዘንድ ቆሙ። እሳቸው ለዩአቸው፣ እነሱ ግን አላወቋቸውም። በዓለም ላይ ቂም ለመወጣት ከዚህ የተመቸ ወንበር ይኖራል? ዩሱፍ ግን ስፍሩን ሞልተው ሰጡ። ቆየት ብሎም እነዚያው ወንድሞች እሳቸው ፊት ቆመው፣ ዩሱፍን በሌለበት ሌባ አድርገው አነሱት። ቁርአን የሚነግረን ነገሩን በልባቸው እንደደበቁት፣ ለእነሱም እንዳልገለጡት ነው። ሱብሃነላህ! መልሱ አላጣቸውም፤ ሥልጣኑም በእጃቸው ነበር። የእህሉን ሥራ ግን የቤተሰብ ቂም መወጫ አላደረጉትም።

ግን ዩሱፍ ዝምተኛም አልነበሩም። ንጉሡ ከእስር ቤት ሲያስጠራቸው እጆቻቸውን የቆረጡት ሴቶች ጉዳይ እንዲጣራ ጠየቁ፤ ስማቸው ሳይጠራ አልወጡም። በሐሰት የተነካን እውነት ለማቃናት ተናገሩ። ለመበቀል ግን አልተናገሩም። እኛም ከመለጠፋችን በፊት መለየት ያለብን ይህንኑ ነው፦ እውነትን ላቃና ነው ወይስ ልብ ላሳርር?

ዲናችን ሲነካም እንዲሁ ነው። በስማችን፣ በማስረጃ፣ በጨዋ ቃል እንመልስ። የሌሎችን አምልኮ መስደብ ግን በሱረቱል አንዓም አንቀጽ 108 የተከለከለ ነው፤ እነሱም በምላሹ ያለ ዕውቀት አላህን እንዳይሰድቡ። በሱረቱል ማኢዳ አንቀጽ 8 ደግሞ ለሕዝቦች ያለን ጥላቻ ፍትሕን እስከመተው እንዳያደርሰን ታዘናል። ትእዛዙ የወረደው ለመጥላት ምክንያት ለነበራቸው ሰዎች መሆኑን አንርሳ።

ስለ ሪዝቅም አንድ ነገር እንበል። እውነት ተናግሮ ሥራውን ያጣ ሰው ሪዝቁ በአላህ እጅ ነው፤ ዩሱፍም ከኃጢአት በመሸሻቸው ዓመታትን በእስር አሳልፈዋል። ሰውን አዋርዶ የተባረረ ግን ራሱን ለእውነት ዋጋ እንደከፈለ አይቁጠር። እሱ የሚያስፈልገው ተውበትና የሰደበውን ሰው ይቅርታ መጠየቅ ነው።

ከዚህ ሌላ የምንረሳው ጎን አለ። የሌላው ሰው የቆየ ጽሑፍ ሲገኝ ስክሪንሹት እያነሳን "ይባረር!" ብለን የምንቀባበል እኛ ነን። ያ ሰው ቤተሰብ አለው። ጽሑፉ የእሱ መሆኑን አጣርተናል? ከዓመታት በፊት ተጸጽቶበት ይሆን? በሱረቱል ሑጁራት ወሬ ሲመጣ እንድናጣራ፣ የሰውንም ነውር እንዳንሰልል ታዘናል። ጽሑፉ በእርግጥ ሰውን ለአደጋ የሚያጋልጥ ከሆነ ለሚመለከተው አካል ማድረስ ግዴታ ሊሆን ይችላል። ስህተት ከሆነ ግን በውስጥ መስመር የሚላክ ነሲሓ አለ። በቂም የሰውን እንጀራ መዝጋት ፍትሕ አይባልም።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን ከቀራችሁ፣ ሶለዋትም ካበዛችሁ በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ጥቂት ደቂቃ ወስዳችሁ የራሳችሁን ገጽ ወደ ኋላ እያላችሁ አንብቡ። የተመቻችሁን ሰው ሳይሆን ከእናንተ የሚለየውን ሰው ዓይን ተውሳችሁ አንብቡት። ይህንን ያነበበ ሰው ነገ መስኮቴ ጋ ቢቆም ዓይኔን ለማየት አይፈራም? ያጣራሁት ነው ወይስ የሰማሁትን ሁሉ ነው ያስተላለፍኩት? በተደበቀ ስም የጻፍኩትን በስሜ ልጽፈው እችላለሁ? የተደበቀው ስም ለረቂብና ለዐቲድ አልተደበቀም። መሰረዝ ያለበትን ሰርዙ፤ የተጎዳ ሰው ካለ ደውላችሁ "አፉ በለኝ" በሉት። እውነት ሆኖ ያገኛችሁትን ግን ፈርታችሁ አትሰርዙ።

ያ አላህ! ምላሳችንንና ጣታችንን ከሰው በደል ጠብቅልን። በአማና የሰጠኸንን ወንበር በሐቅ የምንወጣበት አድርግልን። ደካማው ፊታችንን አይቶ ከፍትሕ ተስፋ የሚቆርጥ አታድርገን። ለእውነት በምንናገርበት ጊዜ ድፍረትን፣ ቂም ሲተናነቀን የዩሱፍን ትዕግሥት ወፍቀን። አሚን።