ስለ ሌሊት ሥራና ስለ ቀን እንቅልፍ

አንባቢ ሆይ፥ የለበስኸውን ልብስ እስኪ ተመልከት። ክሩ የተፈተለው፥ ጨርቁም የተሸመነው በቀን ይሁን በሌሊት አታውቅም። በፋብሪካ የተሠራ እንደ ሆነ ግን፥ አንተ በአልጋህ ላይ ተኝተህ ሳለ አንድ ወንድ ወይም አንዲት ሴት በመኪናው ፊት ቆመው የተበጠሰውን ክር ሲቀጥሉ አድረው ይሆናል። ስለዚህ የሌሊት ሠራተኛ ነገር የእርሱ ብቻ አይደለም፤ የሁላችንም ዕዳ አለበት። ይህች ትንሽ ጽሑፍ የተጻፈችው ያን ዕዳ ለማሳሰብ ነው።

በባሕር ዳር ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቋቋመው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም.፥ ኢጣልያ ስለ ጦርነቱ በከፈለችው ካሣ ነው። በ1964 ደግሞ የጢስ ዓባይ ውኃ የኤሌክትሪክ ኃይል መስጠት ጀመረ። እንዲህም ሆኖ ከአንበሳሜና ከደራ ገጠር ዓባይን ተሻግሮ ወደ ከተማ ለሚመጣ ወጣት አባቶቹ የማያውቁት የሥራ ሰዓት ተከፈተለት። የፋብሪካ ልማድ ብዙ ጊዜ ቀንና ሌሊቱን በሦስት ፈረቃ መክፈል ነው፤ አንዱ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት፥ ሁለተኛው እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት፥ ሦስተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት። መኪናው በብዙ ገንዘብ የተገዛ ስለ ሆነ፥ ቆሞ ካደረ ገንዘቡን አይመልስም። ይህም ነገር ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ አርክራይት በ1771 በክሮምፎርድ ያቋቋመው በውኃ ኃይል የሚዞር የፈትል ፋብሪካም ቀንና ሌሊት ይሠራ ነበር።

አንዳንድ ሰዎች «ሌሊት የተፈጠረው ለእንቅልፍ ነው፤ በጨለማ የሚሠራ ሥራ መልካም አይደለም» ይላሉ። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጌታን መወለድ ከሁሉ አስቀድመው የሰሙት በቤተ ልሔም ሜዳ መንጋቸውን ሲጠብቁ ያደሩ እረኞች ናቸው። ያዕቆብ የላባን በጎች በጠበቀበት ዘመን ቀን በሐሩር፥ ሌሊት በቍር እንደ ተቸገረ፥ እንቅልፍም ከዓይኑ እንደ ራቀ ለአማቱ ነግሮታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ ሳለ በማንም ላይ እንዳይከብድ ሌሊትና ቀን በእጁ ሠርቶአል። እንግዲህ ኀጢአት የሚሆነው ክፉ ሥራ ነው እንጂ የሌሊት ሥራ አይደለም። ጨለማው የሚሠራውን ሰው አያረክሰውም።

ነገር ግን ይህን ሁሉ ካልን በኋላ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። እግዚአብሔር ሰውን ያለ ዕረፍት እንዲኖር አልፈጠረውም። በሰውነታችን ውስጥ የፀሐይን ብርሃን እየተከተለ የሚሄድ ሰዓት አለ፤ ስለዚሁ ሰዓት አሠራር የመረመሩ ሦስት አሜሪካውያን ሊቃውንት በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ዝቅ ይላል፥ እንቅልፍም ይበረታል። በቀን የሚተኛ ሰው ደግሞ ብርሃኑና ሙቀቱ ጫጫታውም ስለሚቀሰቅሰው እንቅልፉ ያጥራል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2007፥ እንደ ገናም በ2019 የሌሊት ፈረቃን ሥራ ካንሰር ያመጣሉ ተብሎ ከሚገመቱት ነገሮች ጋራ ቈጥሮታል። ይህን የምናነሣው ለማስፈራራት አይደለም፤ የሌሊት ሠራተኛ የቀን እንቅልፍ ስንፍና ሳይሆን የዋጋው ክፍል መሆኑን እንድታውቅ ነው። ሌሊቱን ለሥራ የሰጠ ሰው ቀኑን ለእንቅልፍ መቀበል ይገባዋል። ይህንም የሚነፍገው ሰው፥ አባት ቢሆን፥ ባል ቢሆን፥ ጎረቤት ቢሆን፥ አሠሪም ቢሆን፥ ዋጋውን እንደ ሰረቀ ይቈጠራል።

ምሳሌውን ስማ። አንድ አባት ከአንበሳሜ ልጁን ለመጠየቅ ወደ ከተማ መጣ እንበል። ከጧቱ በ3 ሰዓት ከልጁ ቤት ቢደርስ በሩን ተዘግቶ፥ ልጁንም ተኝቶ ያገኘዋል። ተቈጥቶም «ፀሐይ እላዩ ላይ ወጥታ የሚተኛ ልጅ አልወለድሁም» ብሎ በሩን በዱላው ይመታል። ያን ጊዜ ጎረቤቲቱ ወጥታ እንዲህ ትለዋለች፤ «አባቴ፥ ልጅዎ ገና አሁን መግባቱ ነው፤ ሌሊቱን ቆሞ ነው ያደረው። እርስዎ በቆሎው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተው ከርከሮና ጃርት ሲጠብቁ ሲያድሩ፥ በማግሥቱ ጧት የቀሰቀሰዎት ሰው ነበርን?» አባትዮው ይህን በሰማ ጊዜ ዱላውን ያወርዳል፤ ከጥላው ሥር ተቀምጦም ልጁ እስኪነቃ ይጠብቃል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህች ሴት በጥቂት ቃል ብዙ ነገር ተናግራለች። ገበሬ የሌሊትን ድካም ያውቃል። ነገር ግን የማማው ሌሊት አዝመራው ሲገባ ያልቃል፤ የፋብሪካው ሌሊት ግን አዝመራ የለውም፥ ከዓመት እስከ ዓመት ይመላለሳል። ደግሞም በጣና ዳርና በደሴቶቹ ለማኅሌት ቆሞ ያደረውን ካህን ጧት ቢተኛ ማንም ሰነፍ አይለውም። በጸሎት ያደረውን እንዲህ ካከበርን፥ እኛን ለማልበስ ያደረውን ስለ ምን እንንቃለን? ነቢዩ ኤልያስ ደክሞ ከዛፍ ሥር በወደቀ ጊዜ መልአኩ አልዘለፈውም፤ እንጀራና ውኃ ሰጠው፥ እንደ ገናም እንዲተኛ ተወው። የቤተ ሰብም ሥራ ይህ ነው። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱ፤ ልጆቹን ወደ ሌላ ስፍራ ውሰዱ፤ ራዲዮኑን ዝቅ አድርጉ፤ ጕዳይም ቢኖራችሁ እስኪነቃ ታገሡ።

አሁን ስለ ሴቶች እንናገር፤ በዚህ ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚበደሉ እነርሱ ናቸውና። በፈትልና በሽመና ክፍል ብዙ ሴቶች ይሠራሉ። ወንዱ ከሌሊት ፈረቃ ሲመለስ ምግቡ ይቀርብለታል፥ አልጋውም ይነጠፍለታል። ሴቲቱ ስትመለስ ግን ልጁ ያለቅሳል፥ ሊጡ ይጠብቃታል፥ ውኃው አልተቀዳም፥ ጎረቤትም ለቡና ይጠራታል። ጥጥ ብናኙን ከጠጕርዋ ሳታራግፍ ወደ ምድጃው ትሄዳለች። እንዲህ ሁለት ፈረቃ ትሠራለች፤ አንዱን በደመወዝ፥ አንዱን ያለ ደመወዝ። ባል ሆይ፥ ሚስትህ ያመጣችውን ገንዘብ ተቀብለህ እንቅልፍዋን ብትነፍጋት፥ በእግዚአብሔር ፊት ምን ትመልሳለህ? ውኃ መቅዳትና ልጅ መያዝ ክብርህን አይቀንሰውም። ጌታ የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠቡ ጌትነቱ አልቀነሰም። ደግሞም በምሽት 4 ሰዓት የሚወጡና የሚገቡ ልጃገረዶች በጨለማ መንገድ ብቻቸውን እንዳይሄዱ ወንድሞች ይሸኙዋቸው፤ ሴት ልጅ በሌሊት ስለ ወጣች ስምዋን የሚያጠፋ ሰውም አፉን ይከልክል። ወደ እንጀራዋ ስትሄድ ነውና።

አንተ የሌሊት ሠራተኛ የሆንህ ወንድሜ ሆይ፥ ላንተም ደግሞ የሚገባ ነገር አለ። ዕረፍትህን እንዲያከብሩልህ የምትሻ ከሆንህ፥ አንተም ሥራህን አክብር።

መጀመሪያ፥ አለቃ በማያይህ ሰዓት የታመንህ ሁን። ከጥጥ ክምር ኋላ ተሸሽጎ የሚተኛ ሰው ከአሠሪው ብቻ አይሰርቅም፤ የእርሱን መኪና ደርቦ ከሚጠብቀው ከባልንጀራው ይሰርቃል። በተፈቀደልህ የዕረፍት ጊዜ ጥቂት ማንቀላፋት ግን ስርቆት አይደለም፥ ይልቁንም ያነቃሃል።

ሁለተኛ፥ ተጠንቀቅ። ቼርኖቢል በ1986 የፈነዳው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው፤ በሕንድ አገር በቦፓል በ1984 መርዘኛው ጋዝ የወጣውም በእኩለ ሌሊት ግድም ነው። የእነዚህ አደጋዎች ምክንያት ብዙ ነው፤ ቢሆንም በሌሊት የሚነሣ ክፉ ነገር የደከመ ሰውን እንደሚያገኝ አስብ። የባልንጀራህ ጣት ባንተ ንቃት ላይ ነው።

ሦስተኛ፥ እንቅልፍን በጫትና በመጠጥ አትዋጋ። ጫት ሌሊቱን ያነቃህ ይመስላል፤ ነገር ግን የጧቱን እንቅልፍ ይወስድብሃል፥ ደመወዝህንም ይበላል። መጠጥ ያስተኛህ ይመስላል፤ ነገር ግን እንቅልፍህን ይቈራርጠዋል። ቡና ብትጠጣ በፈረቃው መጀመሪያ ጠጣ፥ ሲነጋጋ ግን ተወው።

አራተኛ፥ ከሥራ በወጣህ ጊዜ በየመንገዱ ሳትቈይ በቀጥታ ወደ ቤትህ ግባ፤ የጧት ፀሐይ የሰውነትህን ሰዓት ያነቃዋልና።

አሠሪ ለሆነውም ቃል አለን። በሙሴ ሕግ የምንደኛው ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እንዳያድር ታዝዞአል። ዋጋው ማደር ካልተገባው፥ ራሱ ቆሞ ያደረው ሰው ዋጋውን እንዴት ያጣል? የአገራችንም ሕግ ስለዚህ ነገር ተናግሮአል። በ2011 ዓ.ም. እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156 መደበኛውን ሥራ በቀን 8 ሰዓት፥ በሳምንት 48 ሰዓት ወስኖአል። ከመደበኛው በላይ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት የሠራ ሰው ለየሰዓቱ የመደበኛውን ዋጋ 1.75 እጅ ይቀበላል። በእነዚሁ የሌሊት ሰዓቶች እርጉዝ ሴትንና 18 ዓመት ያልሞላውን ወጣት ማሠራት ተከልክሎአል። በየሳምንቱም ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ታዝዞአል። የሰንበት ትእዛዝ ባሪያውንና ገረዲቱን፥ በሬውን ሳይቀር ማሳረፉን የሚያውቅ ክርስቲያን አሠሪ ይህን ሕግ የሚፈጽመው ቅጣትን ፈርቶ ብቻ ሊሆን አይገባም።

በመጨረሻ ለምእመናን ጉባኤ እንናገራለን። ፈረቃው በእሑድ የዋለበትን ወንድም ከጸሎት ስለ ቀረ አትፍረዱበት፤ እርሱ በሚችልበት ሰዓት ሁለት ሦስት ሆናችሁ ከእርሱ ጋራ ጸልዩ። ከሥራ በቀጥታ መጥቶ በስብከት መካከል ቢያንቀላፋም አትሣቁበት። በጢሮአዳ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲናገር አውጤኪስ የሚሉት ጎበዝ በመስኮት ተቀምጦ እንቅልፍ ከበደው፥ ከሦስተኛውም ደርብ ወደቀ። ሐዋርያው ስብከቱን አቋርጦ ወረደ፤ አልገሠጸውም፥ ዐቀፈው እንጂ። ጎበዙም በሕይወት ተገኘ። እኛ ሰባኪዎች ከዚህ እንማር፤ የደከመውን ሰው መጀመሪያ ማቀፍ፥ ኋላ ማስተማር ይገባል።

የማይተኛና የማያንቀላፋ እግዚአብሔር ብቻ ነው። እርሱ ስለሚጠብቀን እኛ እንተኛለን። ሌሊት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ጥበቃ በቀን የሚቀበለው በእኛ ዝምታ ነው። እንግዲህ ወዳጄ ሆይ፥ ነገ ጧት በጎረቤትህ በር ስታልፍ፥ መስኮቱ ተጋርዶ ብታይ፥ ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እለፍ። ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ነገር ግን ባልንጀራን መውደድ ከእንዲህ ያለ ትንሽ ነገር ይጀምራል።