«አሸነፍን» የሚል ሰው

በአገራችን ልማድ መንገድ ላይ የመሸበት ሰው ከማያውቀው ደጅ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ካለ ይገባል፤ እግሩን ይታጠባል፤ ከተገኘው ይቀርብለታል። እንግዳውም በበኩሉ ለባለቤቱ ደግ ይመኛል፤ ክፉ ቢመኝለት እንኳ በልቡ ይይዘዋል እንጂ በአፉ አያወጣውም። ቡድኑን ተከትሎ ወደ ሰው አገር የሚሄድ የእግር ኳስ ደጋፊ ግን ከዚህ የተለየ እንግዳ ነው። ከባለቤቱ ሜዳ ገብቶ፣ የባለቤቱን ውሃ ጠጥቶ፣ ባለቤቱ እንዲሸነፍ በአደባባይ ይጮኻል። እንዲህ ያለው ሰው በእንግድነቱ ምን ዕዳ አለበት? ብዙ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር ያየዋል፤ እኔ ግን በልጅነቴ ከደረሰብኝ ነገር የተነሣ ቀላል ሆኖ አልታየኝም።

አስቀድሜ መጮኹ ነውር አለመሆኑን ልናገር። መርጡለ ማርያም፣ ንግሥት እሌኒ ካሠራችው ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ አጠገብ ያደግን ልጆች ከእግር ኳስ በፊት ያወቅነው የገናን ጨዋታ ነው። በዚያ ቀን ሰዉ በሁለት ወገን ተከፍሎ ጥንጉን ሲለጋ፣ ሎሌው ጌታውን ቢያሽሟጥጥ ጌታው እንዳይቆጣ ልማድ ያስረዋል። ከሰዓት በኋላ ሲሰዳደቡ የዋሉ ሁለት ጎረቤታሞች በአጨዳ ጊዜ በአንድ ደቦ ይገናኛሉ። እንግዲህ ለወገን መጮኽ በራሱ ክፋት ነው የሚል ሰው ቢኖር፣ ጨዋታ ምን እንደ ሆነ አልገባውም እለዋለሁ።

የእኔ ነገር እንዲህ ነው። ተማሪዎች ሳለን የትምህርት ቤታችንን ቡድን ተከትለን፣ በጭነት መኪና ላይ ቆመን፣ አቧራ ለብሰን ወደ አንዲት የጎረቤት ከተማ ሄድን። ዘመዳችን ያልሆኑ አንዲት እናት ከደጃቸው ቆመን ውሃ ብንለምናቸው፣ አስገብተው እንጀራ በሽሮ አበሉን፤ «ዛሬ መሸነፋችሁ ነው» እያሉም ቀለዱብን። ጋቢያችንን እሳቸው ዘንድ አስቀምጠን ወደ ሜዳው ወረድን። እንዳሉትም ተሸነፍን። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከእኛ መካከል ድንጋይ ተወረወረና የአንድ የአገሩን ልጅ ግንባር ፈነከተው። ድንጋዩን የወረወርሁት እኔ አይደለሁም፤ የወረወረውንም አላየሁም፤ ሲወረወር ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ጋቢያችንን ልንወስድ ስንመለስ ሴትዮዋ ከበራቸው ቆመው ጠበቁን። ወሬው ቀድሞን ደርሶ ነበር።

«ማን ነው የወረወረው?» አሉን።

«እማማ፣ እኛ አይደለንም» አልናቸው።

«ታዲያ እናንተ የማን ናችሁ?» አሉና ጋቢያችንን አስታቅፈውን በሩን ዘጉት።

የሰጠናቸው መልስ እውነት ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀደም ቡድናችን ያሸነፈ ጊዜ እቤቴ ገብቼ ለእናቴ «አሸነፍን» ብዬ ነግሬአታለሁ፤ ኳሷን በእግሬ ሳልነካት። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ. ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ግብጽን 4 ለ 2 ረትታ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ ያልተወለደ ሰው ሁሉ ዛሬ «ዋንጫ ወስደን ነበር» ይላል። ማንም አይከለክለውም፤ እኔም እለዋለሁ። የደጋፊ ደስታ ሁሉ ያልሠራነውን ሥራ በስም የምንካፈልበት ደስታ ነው።

ዕለቱ ሆነና፣ ልክ ከ51 ዓመት በኋላ፣ ጥር 13 ቀን 2005 ዓ. ም. ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ከራቀችበት ውድድር ተመልሳ በደቡብ አፍሪካ ኔልስፕሩት ከተማ ከዛምቢያ ጋር ተጫወተች። እንጀራ ፍለጋ ወደዚያ አገር ሄደው የሚኖሩ ወገኖቻችን ስታዲዮሙን በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበሱት። እነዚህ ሰዎች ሁለት ጊዜ እንግዶች ነበሩ፤ በአገሩም፣ በሜዳውም። በረኛችን ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ሲወጣ ግን ከእነርሱ መካከል የነበሩ ጥቂቶች ጠርሙስና ቩቩዜላ ወደ ሜዳው ወረወሩ፤ ጨዋታውም ተቋረጠ። በኋላ አዳነ ግርማ አግብቶ በ10 ሰው 1 ለ 1 ስንወጣ «አቻ ወጣን» አልን። ስለ ጠርሙሱ ሲነሣ ግን «አንዳንድ ሰዎች ወረወሩ» አልን። ጎሉ የእኛ፣ ጠርሙሱ የእነርሱ ሆነ።

አንባቢዬ ሆይ፣ «የአንዱ ጥፋት በሺህ ሰው ላይ መጫኑ ፍርድ ነውን?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። ዳኛ የወረወረችውን እጅ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ይህን ያልጠበቀ ሕዝብ የት እንደሚደርስም አይተናል። በኅዳር ወር 2010 ዓ. ም. የወልድያና የመቀሌ ቡድኖች ወልድያ ላይ ሊጫወቱ በነበሩበት ቀን ጠብ ተነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ጨዋታውም ሳይደረግ ቀረ። ሰውን በሠራው ሳይሆን በመጣበት አገር ስም መቅጣት ከተጀመረ፣ በዚያ ቀን ልጁን ይዞ ጨዋታ ሊያይ የመጣ አባት እንኳ ወንጀለኛ ሆኖ ይቆጠራል።

ስለዚህ ነገሩ ሁለት ፊት አለው፤ ሁለቱን የሚያደባልቅ ሰውም ይሳሳታል። የወገኔን ጥፋት ሌላ ሰው በእኔ ላይ ሊጭነው አይገባውም፤ እኔ ግን ከራሴ ላይ ላወርደው አይገባኝም። ባለሜዳው «አንተ አልወረወርህም» ሊለኝ ይገባል፤ እኔ ደግሞ «ከእኛ መካከል ነው» ልለው ይገባኛል። ይህን ለማለት ትልቅ ጀግንነት አያሻም። ድንጋይ ያነሣው ልጅ ምናልባት ከጎኔ ቆሞ ነበር፤ ከባለሜዳው ፖሊስ ይልቅ ክንዱን ለመያዝ የምቀርበው እኔ ነበርሁ። ዘፈኑን አብረን ስንዘፍን ከመጣን፣ ክንዱን ለመያዝ ምን ያሳፍረኛል? ባልይዘው እንኳ ወደ ተፈነከተው ልጅ ሄጄ ራሱን በነጠላ ማሰር እችል ነበር። ይህም አልሆነም፤ መኪናችን እንዳያመልጠን ሮጥን።

ከብዙ ዓመት በኋላ በዚያች ከተማ ሳልፍ ቤቱን ፈልጌ አገኘሁት። ደጁ ላይ ቡና የምትለቅም ወጣት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ስለ ሴትዮዋ ብጠይቃት አላወቀቻቸውም። «ከየት ነው የመጡት?» አለችኝ። «ከመርጡለ ማርያም» አልኋት። ውሃ ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ አመስግኜ ሄድሁ።