ስለ ቤት የሚጠየቀው ማን ነው?

ሚስት በደመወዝ ሥራ ስትውል ቤቱንና ልጆቹን ማን ይጠብቃል የሚለው ጥያቄ ዛሬ በየጉባኤውና በየእርቁ ይነሣል። ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ዳሩ ግን የሚቀርበው ለአንደኛው ወገን ብቻ ስለ ሆነ ገና ከመነሻው ይጣመማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ለእርቅ ወደ ተጠራሁበት ቤት ብሄድ፥ ባልም ሚስትም የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ በአንድ ሰዓት ይወጣሉ፥ በአንድ ሰዓት ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ግን እርሱ ቴሌቪዥን ከፍቶ ይቀመጣል፤ እርስዋ ወጥ ትሠራለች፥ ልጆቹን ታጥባለች፥ ታስጠናለች። እኔም «ልጄ ሆይ፥ ታገሺ» ብዬ መክሬ፥ ለእርሱ አንዲት ቃል ሳልናገር ቡናዬን ጠጥቼ ወጣሁ። ቡናውንም ያፈላችው እርስዋ ነበረች።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ ያደርገው ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ ግን አስተዳደሩን ለሁለቱም በእኩልነት ሰጠ። የጓዳው ልማድ ግን እንደ ነበረ አለ። የሴት ሥራ መያዝም ከመጽሐፍ ውጭ የመጣ እንግዳ ነገር ይመስለናል። ነገር ግን በመጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ የተመሰገነችው ሴት እርሻ የምትገዛ፥ ወይን የምትተክል፥ የእጅዋን ሥራ ለነጋዴ የምትሸጥ ናት። ልድያም ቀይ ሐር ሻጭ ነበረች። አቂላና ጵርስቅላም በድንኳን መስፋት በአንድነት ይተዳደሩ ነበር፤ ቤታቸውም የምእመናን መሰብሰቢያ ነበረ።

እንግዲህ የልጆቹ ነገር በአገልግሎቱ መካከል የጠፋበት ሰው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፥ መጽሐፍ የሚያሳየን ካህኑን ዔሊን ነው። አፍኒንና ፊንሐስ በሴሎ የመሥዋዕቱን ሥጋ በግድ እንደሚወስዱ ሰማ፤ በቃል ወቀሳቸው፥ ነገር ግን አልከለከላቸውም። ልጆቹም የእግዚአብሔርም ታቦት በአንድ ቀን ከእጁ ወጡ። ይህን መጻፍ የሚከብደኝ እኔም ካህን ስለ ሆንሁ ነው። ማኅሌት፥ ቅዳሴ፥ ሰበካ ጉባኤ፥ ልቅሶ ቤት እያልን ልጆቻችንን ተኝተው ብቻ የምናያቸው ስንት ነን? ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ቤቱን ማስተዳደር የማያውቅ ቤተ ክርስቲያንን እንዴት ይጠብቃል ብሎ የጠየቀው እኛን እንጂ ሚስቶቻችንን አይደለም።

«ባል የሚስት ራስ አይደለምን?» የሚለኝ ይኖራል። አዎን፥ ነው። ነገር ግን ይኸው ሐዋርያ ራስነቱን ክርስቶስ ለቤተ ክርስቲያን ራሱን አሳልፎ በሰጠበት ፍቅር ለካው። ጌታችን ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ የደቀ መዛሙርቱን እግር ካጠበ፥ የልጅን ልብስ ማጠብ የባልን ክብር እንዴት ያጎድላል?

ወደዚያ ቤት ተመልሼ ሄድሁ፤ በፊት ላጠፋሁትም እርስዋን ይቅርታ ጠየቅሁ። ባልየውንም ለብቻው አነጋገርሁት፤ ልጆቹን ማታ ማታ የማስጠናቱን ሥራ ወሰደ። ስለ ወጡ ግን ገና እየተነጋገርን ነው።