በእጅ ያልተዳሰሰ ዕውቀት

ሰው ያላየውንና ያልዳሰሰውን ነገር «አውቀዋለሁ» ቢል ዋሾ ይባላል? ጉዳዩ የእምነት ከሆነ አይባልም፤ እንዲያውም ይመሰገናል። እኔ የማነሳው ግን የፊዚክስን ነገር ነው።

አራት ኪሎ፣ የሳይንስ ግቢ፣ የኑክሌር ፊዚክስ ትምህርት ሲሰጥ ኖሯል። ተማሪው ፕሮቶን በማግኔት ውስጥ እንዴት እየዞረ እንደሚሮጥ፣ በምን ያህል ጉልበት ቢወረወር የአቶምን አስኳል እንደሚሰብር በጠመኔ ቀምሮ ያሳያል። መምህሩም «ትክክል!» ይለዋል። ፕሮቶኑን የሚያስሮጠው መሣሪያ፣ አክሰለሬተር የሚባለው፣ ለዚህ ዓይነቱ ምርምር የሚውል ግን በአገራችን የለም። ተማሪው ይመረቃል፤ ያስተምራል፤ የእሱም ተማሪዎች በተራቸው ጠመኔ ይጨብጣሉ። ለመሆኑ ይህ ዕውቀት ነው ወይስ የዕውቀት ወሬ?

እስቲ ወደ ፒያሳ ልውሰዳችሁ። ሰፈሩ እንዲህ ሳይፈራርስ፣ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ሲወረድ አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነበር። የዚያን ዘመን ቴሌቪዥን ታስታውሳላችሁ፤ ጀርባው እንደ ጆንያ ያበጠው፣ በየሳሎኑ ዳንቴል ለብሶ ይቀመጥ የነበረው። ያ ቴሌቪዥን ራሱ አክሰለሬተር ነው። አየር በተመጠጠበት ቲዩብ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ከጋለ ብረት ይወጣሉ፤ ሃያ ሺህና ከዚያም በላይ ቮልት ይስባቸዋል፤ የመዳብ ጥቅልሎች በማግኔት ያጣምሟቸዋል፤ መስታወቱን ሲመቱ ብርሃን ይሆናሉ። ዜናውንም ድራማውንም ያየነው በዚህ ነው። ጠጋኙ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ቲዩቡ ውስጥ የሚቀረውን ኤሌክትሪክ በካቻቢቴና በሽቦ ሳያራግፍ እጁን አይሰድም። ረዳቱን ልጅ «ሞቷል ብለህ አትመነው» ይለው ነበር። ድልድዩ የተሰየመላቸውን የጦር ሚኒስትር ሕዝቡ «አባ መላ» ይላቸው ነበር አሉ፤ ለእኔ አባ መላ ይህም ሰው ነበር። የፕሮቶንን ቀመር ግን አንድ መስመር አይጽፍም። የአራት ኪሎው ልጅ ቀመሩን ይጽፋል፤ ቲዩቡን ግን ከከፈተው ሊገድለው ይችላል። ሁለቱ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ እንኳ አይራራቁም፤ ተገናኝተው ግን አያውቁም።

«ድሆች ነን፤ በምን አቅማችን?» የሚል መልስ ይመጣል። ግማሹ እውነት ነው። የዛሬው ትልቅ አክሰለሬተር ብዙ ገንዘብ፣ የማይቋረጥ መብራትና ጥብቅ የጨረር ጥበቃ ይፈልጋል። የነገሩ መነሻ ግን እንዲህ አልነበረም። በ1931 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎውረንስ የተባለው መምህርና ሊቪንግስተን የተባለው ተማሪው የሠሩት ሳይክሎትሮን መዳፍ ላይ የሚቀመጥ ነበር፤ ነሐስና የማሸጊያ ሰም። ሁለት ሺህ በማይሞላ ቮልት ደጋግሞ እየገፋ፣ የሃይድሮጅን አዮኖችን በሰማንያ ሺህ ቮልት የተወረወሩ ያህል አስሮጣቸው። ለሊቪንግስተን ይህ የዶክትሬት የቤት ሥራው ነበር! በማግሥቱ ዓመት ካምብሪጅ ላይ ኮክሮፍትና ዋልተን የሊቲየምን አስኳል ሲሰብሩ የነዳጅ ማደያ መስታወት ተጠቅመዋል፤ አየር የሚያስገባውን ቀዳዳ የደፈኑት ልጆች በሚጫወቱበት ፕላስቲሲን ነው። እነዚህ ሰዎች የነበራቸውና እኛ የነፈግነው ነገር የማበላሸት ፈቃድ ይመስለኛል። በእኛ ላቦራቶሪ ዕቃ ይቆለፍበታል፤ ተማሪ ከነካው ይሰበራላ! በንብረት ክፍል ዓይን ጥሩ ተማሪ ማለት ምንም ያልነካ ነው።

ጠመኔን ማናናቄ አይደለም። ፕሮፌሰር ሙሉጌታ በቀለ በደርግ ዘመን ታስረው ለእስረኛ ጓደኞቻቸው ፊዚክስ አስተምረዋል፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የሳካሮቭን ሽልማት ሰጥቷቸዋል። እዚያ መሣሪያ አልነበረም፤ የተማረውም አልተታለለም፤ ምን እንደጎደለው ያውቃልና። የእኛ ዲግሪ ግን የጎደለውን አይናገርም።

አለመናገሩ ማንን ይጎዳል? ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ካንሰርን ለዓመታት በኮባልት 60 ጨረር ሲያክም ኖሮ በኋላ ሊኒያር አክሰለሬተር ተክሏል። የፊዚክሱ ቤተሰብ ያው ነው፤ ኤሌክትሮን ማስሮጥ። የጨረር ሕክምና ተከፋፍሎ በየቀኑ፣ ለሳምንታት የሚሰጥ ነው፤ መሐል ላይ ሲቋረጥ ዕጢው ፋታ ያገኛል። ከክፍለ ሀገር መጥታ ዘመድ ቤት ያረፈች እናት «ማሽኑ ቆሟል፤ ሌላ ቀን ተመለሺ» ብትባል፣ የቫኪዩም ፓምፕ ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ ባለ ማስትሬት ምን ይመልስላታል? ውጭ ሄዶ ማሽኑ ካለበት የቀረውን እንወቅሳለን፤ እኔ ግን እሱን ለመውቀስ አፌ አይደፍርም።

እነዚያ ባለ ዳንቴል ቴሌቪዥኖች ዛሬ ቆራሌው በየበሩ እየጮኸ በርካሽ የሚሰበስባቸው ናቸው። አሥሩን ገዝቶ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጠጋኝ ጋር አራት ኪሎ ለማስገባት ብዙ ብር አይጠይቅም። የሚያስቸግረው ለበሩ ዘበኛ የሚታየውን ደብዳቤ ማን እንደሚፈርም ነው።