ትኬት የማይቆረጥለት ጅብ

ከጅቡቲ በተመለስኩ ማግስት ሁርሶ እናቴ ቤት ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ያለውን ቪዲዮ አሳየኋት። ከመኪና የማያንስ ዓሣ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ ከጎኑ ብርቱካንማ ጃኬት የለበሰ ሰው እጅና እግሩን እያንፈራገጠ ይከተለዋል። የሚያንፈራግጠው እኔ ነኝ። እናቴ ሁለቴ አየችውና "ሻርክ የሚሉት ይሄ ነው?" አለች። ነው አልኳት። "ሰው አይበላም?" ይሄኛው አይበላም። "ስንት ከፈልክ?" ነገርኳት። ትንሽ ዝም ብላ፣ "እኛ እኮ የምንከፍለው አውሬ እንዳይመጣብን ነው" አለች።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ሁርሶን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከድሬዳዋ በስተ ምዕራብ በድሮው የባቡር መስመር ላይ ያለች ቆላ ናት። ስሟን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያውቃት በወታደር ማሰልጠኛዋ ነው። ለእኛ ግን ግራርና ፍየል ናት። ፍየል ያለው ሰው ደግሞ በየዓመቱ እሾህ እየቆረጠ አጥሩን ያድሳል፣ ሌሊት ውሻ ሲጮህ ባትሪ ይዞ ይወጣል። የእናቴ ክፍያ ይሄ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት አጥሩ በአንድ በኩል ሳስቶ ኖሮ ወራቤሳ ገብቶ ሁለት ፍየል ወሰደባት (ሰፈራችን ጅብን በኦሮምኛ ስሙ ነው የሚጠራው)። አንዷ ለመውለድ ቀናት የቀሯት ነበረች። በሳምንቱ አንድ ጎረቤት መርዝ የነካው ሥጋ ጣለ። ጅቡ ሞተ፣ ሁለት ውሾችም አብረው ሞቱ። ለውሾቹ አዘንን። ለጅቡ ማንም አላዘነም፣ እኔም ጭምር።

አሁን ደግሞ ሐረር እንሂድ፤ ከድሬ በሚኒባስ ዳገቱን ወጥቶ ቅርብ ነው። እዚያ ያው ጅብ፣ ያው ነጠብጣብ፣ ያው የሚያስጠላ ሳቅ፣ ማታ ማታ ከጁገል ግንብ ውጪ በስሙ ተጠርቶ ይመጣል። ዩሱፍ ሙሜ ለብዙ ዓመታት ሲያበሉት ኖረው ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስተላልፈዋል። ቱሪስቱ እንጨት ጥርሱ ላይ ነክሶ፣ ሥጋውን ጫፉ ላይ ሰቅሎ፣ ጅቡ ፊቱ ድረስ መጥቶ ሲነጥቀው ፎቶ ይነሳል። በእርግጥ የሐረር ነገር ከቱሪስት በፊት ነው። ግንቡ ላይ ለጅብ የተተወ መግቢያ አለ፣ በአሹራ ቀንም ገንፎ ይቀርብለታል። ከተማው ከጅቡ ጋር የቆየ ውል ያለው ይመስለኛል። ብቻ የእኛው ወራቤሳ እዚያ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ ስም ይወጣለት ነበር።

የጅቡቲው ጉዞ ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ከድሬዳዋ በባቡር ነበር። ከኅዳር ገደማ ጀምሮ ለጥቂት ወራት ዌል ሻርክ የሚባለው፣ ከዓሣ ዘር ሁሉ ትልቁ፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ይታያል። ሲያድግ ከ12 ሜትር ያልፋል፤ እዚያ የሚመጡት ግን በብዛት ገና ያላደጉ ናቸው። የሚበላው ደቃቅ ነገር ነው፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ ውሃውን እያጣራ። ምግቡ ላይኛው ውሃ ላይ ስለሆነ የታመቀ አየር ተሸክሞ መጥለቅ አያስፈልግም፤ መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ ይበቃል። እኔ ዋና አልችልም። የሁርሶ ልጅ የት ይለምደዋል?

አስጎብኚያችን ጀልባው ላይ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ "አትንኩት" አለን። ነካሁት። ጭራው አጠገብ፣ ለአንድ ሰከንድ። ቆዳው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሻክራል። ዓሣው ምንም አላደረገኝም፤ ወደታች አዘነበለና ጨለማው ውስጥ ገባ። ከኋላዬ ሌሎች ስድስት ሰዎች ሊያዩት እየመጡ ነበር። ቪዲዮው ላይ ይሄ ክፍል የለም፣ ቆርጬዋለሁ።

እንዲህ ያለውን ጉዞ የሚደግፉ ሰዎች መከራከሪያ ቀላል ነው፤ እውነትም አለው። የውቅያኖስ ሻርክና የእነሱ ዘመድ የሆነው ሬይ ቁጥር ከ1970 እ.ኤ.አ. ወዲህ በ71 በመቶ ቀንሷል። ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ዓሣ ማስገር ነው። ሰው ከፍሎ የሚያየው ሻርክ በሕይወት ቢቆይ ያዋጣል፣ ስለዚህ አይገደልም ይላሉ። ፊጂ ውስጥ ቤቃ በሚባል ቦታ ጠላቂው የሚከፍለው ገንዘብ ማስገር ለተዉት መንደሮች ይደርሳል። በሌላ በኩል ፊሊፒንስ ኦስሎብ አለ፦ ዌል ሻርኩ በየጠዋቱ ሽሪምፕ እየተሰጠው ጀልባ ለመከተል ለምዷል፣ አንዳንዱም መሄድ ትቶ እዚያው ይከርማል። ፍሎሪዳ ደግሞ ጠላቂዎች ሻርክ እንዳያበሉ ከ2002 ጀምሮ ከልክላለች። ስለ ማብላት ብዙ መከራከር ይቻላል፤ እኔን የያዘኝ ግን እሱ አይደለም።

እኔን የያዘኝ "ስለሚያዋጣ ይኑር" የሚለው ነው። የማያዋጣውስ? የሁርሶው ጅብ ቆንጆ አይደለም፣ በስሙ ሲጠሩት አይመጣም፣ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ የሚበላውም የእናቴን ፍየል ነው። የመኖር መብቱ በትኬት ከሆነ እሱ ትኬት የሚቆርጥለት የለም። "የለም፣ ማንኛውም ፍጡር በራሱ ይከበር" ብዬ እንዳልመልስ ደግሞ ይህን የምለው አዲስ አበባ ከሚገኝ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኜ ነው። ክብሩን እኔ እሰጣለሁ፣ ሒሳቡን እሷ ትከፍላለች። ፊጂን የወደድኩት ለዚህ ይመስለኛል፤ ቢያንስ የተወ ሰው ይካሳል። እኛ ጋ ጅብ ሳይገድል ለኖረ ገበሬ አንድ ሳንቲም የሰጠ ቱሪስት አላየሁም። እኔም አልሰጠሁም፤ ለፍርሃት ስከፍል ግን አልተከራከርኩም። ፍርሃቱ ደስ የሚለው ጀልባው ስለሚመልሰኝ ነው። የእናቴ ፍርሃት መመለሻ የለውም፣ ጠዋት ፍየል ቆጥራ ነው የምታበቃው።

ያለፈው ሳምንት ደወለች። ድሬዎች ለታላቅም "አንቱ" አናውቅም፣ እሷም ለሰላምታ ጊዜ አታጠፋም። "አንተ፣ ወራቤሳው ተመልሷል" አለችኝ። ሌላ ይሁን የዚያኛው ዘመድ እንጃ። ጎረቤቱ ለመርዝ መዋጮ እየሰበሰበ ነው፣ ከእሷም ጠይቋል፤ "ምን ልበለው?" አለች።

የጅቡቲውን ያህል ብር እንደምልክላት፣ በሽቦና በቆርቆሮ አጥሩን እንድታሳጥር፣ ለመርዙ ግን እንዳታዋጣ ነገርኳት። ጥሩ ሐሳብ ያመጣሁ መስሎኝ ነበር።

"እሺ፣ እኔስ አጠርኩ" አለች። "የእኔ ሲዘጋበት ወደ ጎረቤቱ አይደል የሚሄደው? የእሱን ማን ያጥርለታል?"