ማን ቀደመ?

«ቀድሞ የወጣውን ጆሮ በኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠው» እንላለን። ይህን ተረት የተናገረው ጆሮ ሳይሆን አይቀርም፤ ቀንድ ቢጠየቅ ሌላ ተረት ይኖረው ነበር። ደግሞም ተረቱ ቀንዱ መብለጡን ይነግረናል እንጂ መብለጥ ይገባው እንደሆነ አይነግረንም። ቀድሞ መገኘት መብት ይሰጣል? ብትስቁብኝም ልናገረው፤ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ የማስበው አሞራ ሳይ ነው።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ወዳለው የሱሉልታ ሜዳ መውጣት እወዳለሁ። በዚያ ወቅት ከሩሲያና ከካዛክስታን የሣር ሜዳዎች የተነሡ ንስሮች ወደ እኛ ይመጣሉ። ፈረንጆቹ «ስቴፕ ኢግል» ይሏቸዋል። ብዙዎቹ የዐረብን ምድር አቋርጠው፣ በባብ ኤል መንደብ ጠባብ ባሕር ላይ ተሻግረው ነው የሚገቡት። እ.ኤ.አ. በ1987 ጅቡቲ ላይ ተቀምጠው የቆጠሩ ሰዎች በአንድ ወቅት ብቻ ከ76 ሺህ በላይ ስቴፕ ኢግል ሲሻገር መዝግበዋል። ፓስፖርት የጠየቃቸው የለም። የስልክ ሒሳብ የጠየቃቸው ግን አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሩሲያ ተመራማሪዎች ሲም ካርድ ያለው መከታተያ ያሰሩላት አንዲት ንስር፣ ኔትወርክ በማይደርስበት በካዛክስታን ሜዳ ከርማ ኢራን ስትገባ፣ የተጠራቀመ መልእክቷን ሁሉ በውጭ አገር ታሪፍ ላከችውና የምስኪኖቹን በጀት አራቆተችው።

እዚህ ደግሞ የማይሰደድ የአገሩ ንስር አለ፤ «ቶኒ ኢግል» የሚሉት። ሁለቱ ከመመሳሰላቸው የተነሣ ብዙ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ እንደ አንድ ዝርያ ቆጥረዋቸዋል። አንዱ መለያ አፍ ነው። የእንግዳው ቢጫ የአፍ ጠርዝ እስከ ዓይኑ የኋላ ጫፍ ይዘልቃል፤ የአገሬው ግን እዚያ ሳይደርስ ያበቃል። ባለቤትን ከእንግዳ በአፍ መለየት እኛም ዘንድ እንግዳ ነገር አይደለም። አነጋገሩን ሰምተን «የየት አገር ሰው ነህ?» የምንል ሰዎች ነን።

ሜዳው ላይ ያየሁት ጠብ ግን ንስር ከንስር አልነበረም። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ መንቁረ ወፍራም ቁራ ታውቃላችሁ? ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። ከዚህ በላይ ነባር ከየት ይመጣል! ሁለት ቁራዎች ከባሕር ዛፉ ተነሡና መሬት ላይ ያረፈውን ንስር አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከኋላ ያዙት። ቁራው ቢመዘን የንስሩን ግማሽ ቢሆን ነው። ንስሩ ተነሣ፤ አንድ ጊዜ አየር ላይ ገልበጥ ብሎ ጥፍሩን አሳያቸው። ከዚያ... ሄደ። ሜዳውን ተሻግሮ አረፈ። ቁራዎቹም አልተከተሉትም፤ ወደ ዛፋቸው ተመለሱ።

ጉልበት ያለው ለምን ለቀቀ? ጆን ሜይናርድ ስሚዝ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ሐሳብ ነበር። ሁሉም «ባለቤት ከሆንክ ታገል፤ እንግዳ ከሆንክ ሂድ» በሚል ልማድ ቢመራ፣ ብዙ ጠብ ያለ ደም ይፈታል ይላል። ኒክ ዴቪስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1978 ባሳተመው ጥናት ይህንኑ በቢራቢሮ ፈተነው። በጫካ ውስጥ ወንዱ ቢራቢሮ መሬት ላይ የምታርፍን የፀሐይ ጨረር ይይዛል። ሌላ ሲመጣ ባለቤቱ በጥቂት ሰከንድ ያባርረዋል። ዴቪስ ግን ሁለቱም «የኔ ናት» ብለው እንዲያምኑ አደረገ። ያን ጊዜ ጠቡ አሥር እጥፍ ያህል ረዘመ።

እኔን ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ጠቡን ያስረዘመው ረሃብ ወይም ክፋት አይደለም፤ ሁለት ቅን ባለቤቶች መገናኘታቸው ነው። የኛን አገር ጠብ ልብ ብላችሁ እዩት። «የሰው ልውሰድ» ብሎ የተነሣ ሰው ስንት ነው? ሁሉም «የራሴን» ነው የሚለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በግጭት ሳቢያ በኢትዮጵያ የተመዘገበው አዲስ መፈናቀል 2.9 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዓለም ከፍተኛው። «መጤ» የምትለው ቃል ያን ያህል ሰው ታስነሣለች።

ይህን ለአንድ ወዳጄ ሳጫውተው ደስ አለው። «አየህ! የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ። ቁራዋ እንኳ ታውቀዋለች» አለኝ።

እሺ፣ በወፍ ሕግ እንዳኝ ካልን እስከ መጨረሻው እንዳኝ። ቁራው ንስሩን ያባረረው ከዛፉ አጠገብ ነው፤ ከሱሉልታ አይደለም። የአያቱንም አገር አልጠየቀውም። ቢራቢሮው ደግሞ ይብሳል። ዴቪስ ባለቤቱን ለጥቂት ጊዜ አንሥቶ ሌላው ቦታውን ሲይዝ፣ ሲመለስ የተሸነፈው የቀድሞው ባለቤት ነው! በዚያ ሕግ ቤተኛ ማለት አሁን ያለበት ነው። ወዳጄ «መጤ» የሚለው፣ አርባ ዓመት ያረሰው ገበሬ፣ በቢራቢሮ ችሎት ይረታዋል። ግን ትናንት ማታ በጉልበት የገባውም እንዲሁ ይረታል። ስለዚህ ይህ ችሎት ለእኔም አይመቸኝም። በኋላ የመጡ አጥኚዎችማ ባለቤቱ የሚያሸንፈው ፀሐይዋ አካሉን ስላሞቀችው ነው ብለው ተከራክረዋል። ቦታው ራሱ ነው ጉልበት የሰጠው ማለት ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለእኔ ከፍርድ ይልቅ ማብራሪያ ሆኖ ይታየኛል። ሰው የኖረበት መሬት ያሞቀዋል። ስለዚህም «ማን ቀደመ?» ከሚለው ይልቅ «ይህ ሰው ቢነሣ የት ይሄዳል?» የሚለውን ማስቀደም ይሻለኛል። ንስሩ መልስ አለው። እዚህ ጎጆ አልሠራም፤ እንቁላል አልጣለም። የካቲትና መጋቢት ላይ ወደተፈለፈለበት ሜዳ ይመለሳል። በርግጥ እዚያም ቢሆን ኑሮው አልተመቸውም። የኤሌክትሪክ መስመር እያቃጠለው ቁጥሩ ስለተመናመነ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ገብቷል።

ወዳጄ የሚለውን ዓይነት ሰው ግን በአንድ መጠለያ አግኝቼው ነበር። አባቱ በልጅነቱ ወደዚያ መጣ፤ እርሱ እዚያው ተወለደ፤ እናቱን እዚያ ቀበረ። አነጋገሩ ያባቱ አገር ነው፤ አገሩን ግን አይቶት አያውቅም። ምን እንዳሉህ ንገረኝ ስለው ሳቅ አለና፦

«‹አገርህ ግባ› አሉኝ። ‹እሺ፣ ማነው የሚያሳየኝ?› አልኳቸው» አለኝ።